ቢላ ካለፈ በኋላ የሚቋጠረው ውሃ

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን አቃጥሎ በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ በመስከረም 1871 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ስኮትላንድ ውስጥ ባልሞራል በሚባለው ቤተ መንግሥቷ አልጋ ይዛ ነበር። ብብቷ ሥር የወጣው እባጭ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቶ መግል ቋጥሯል። የተጠራው ሐኪም በኤድንብራ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ነው። ሊስተር እባጩን በጣው፤ መግሉም ወጣ። በማግስቱ ግን ቁስሉ ውስጥ የጠቀጠቀው ጨርቅ መውጫውን ዘግቶት መግሉ እንደገና ተጠራቅሞ አገኘው። ይዞት ከመጣው ዕቃ መካከል ጀርም ገዳዩ ካርቦሊክ አሲድ የሚረጭበት መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ የጎማ ቱቦ አለው። ከቱቦው ቆረጠና ጎኑን በሳሳው፤ ሌሊቱን በካርቦሊክ ዘፍዝፎ አሳደረው፤ ጠዋት ንግሥቲቱ ብብት ውስጥ ከተተው። ፈሳሹ ወረደ፣ ንግሥቲቱም ዳነች።

ቱቦው የሊስተር ፈጠራ አልነበረም። የፓሪሱ ሐኪም ኤዱዋር ሻሴኛክ ከቁስል ውስጥ ፈሳሽን በጎማ ቱቦ ስለማውጣት በ1859 ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። የንግሥት ብብት ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ወሬው ይሰማል። ዛሬ ጡቷ በቀዶ ጥገና ተወግዶላት ከሆስፒታል የምትወጣ ሴት ጎኗ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ነርሶቻችን «ድሬን» የሚሉት ቱቦ የዘር ሐረጉ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዘንድ ይደርሳል።

ሊስተር ለጡት ካንሰርም እንግዳ አልነበረም። በ1867 ግላስጎው ውስጥ የገዛ እህቱን የኢዛቤላን ጡት ቤቱ ውስጥ በምግብ ጠረጴዛ ላይ አውጥቷል። ሌሎች ሐኪሞች አይሆንም ብለው የተዉትን ሥራ ነው እሱ የሠራው። ቁስሏ በካርቦሊክ ታጥቦ ሳይመግል ዳነ፤ ካንሰሩ ተመልሶ እስኪወስዳትም ሦስት ዓመት ያህል ኖረች።

ይህች የካርቦሊክ እጥበት ለታሪካችን ከቱቦው ትበልጣለች። ከሊስተር በፊት ስለ ተቋጠረ ውሃ የሚጨነቅበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ክፍት ይተዋል፤ ይመግላል፤ የሚፈሰውም ወደ ውጭ ይፈሳል። ሴትዮዋን የሚያሳስባት ከመግሉ መርዝ ማምለጧ ነው። ቁስል ንጹሕ ሆኖ ወዲያው መሰፋት ሲጀምር ግን ከቆዳው በታች አዲስ ነገር ተፈጠረ፦ ከላይ የተዘጋ፣ ከውስጥ ባዶ የሆነ ክፍተት። ሰውነት ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ውሃ ይሞላዋል። ሐኪሞች ሴሮማ የሚሉት ይህ የተጠራቀመ ውሃ እንግዲህ የውድቀት ሳይሆን የስኬት ልጅ ነው።

ክፍተቱን እስከ ዳር ያሰፋው ሰው ዊልያም ሃልስቴድ ነው። አሜሪካዊው ሃልስቴድ በ1882 ኒው ዮርክ የጀመረውን ቀዶ ጥገና በባልቲሞሩ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አሟልቶ በ1894 የ50 ሴቶችን ውጤት አሳተመ። ጡቱን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ከሥሩ ያለውን ትልቁን የደረት ጡንቻ፣ የብብትን ስብና ንፍፊት ሁሉ አንድ ላይ ይጠርጋል። ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ብብት ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰፊው የቆረጠ ይቀድመዋል ብሎ ያምን ነበር። በዘመኑ የአውሮፓ ስመ ጥር ሐኪሞች ጡታቸውን ካወጡላቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ካንሰሩ እዚያው ቦታ ላይ ሲመለስ፣ እሱ ዘንድ ከ50 በ3ቱ ብቻ ተመለሰ። ይህን ያየ ማን ይከራከረዋል? ከዚያ በኋላ ለ70 ዓመት ያህል የዓለም ቀዶ ሐኪሞች የሱን መንገድ ተከተሉ። (ሃልስቴድ ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ የያዘው፣ ሱሱን በሞርፊን ለመተካት ሲል የሁለቱም ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። እጁ ግን ቀስ የሚል፣ እያንዳንዷን ደም ሥር የሚያሥር፣ ለሥጋ የሚጠነቀቅ እጅ ነበር ይሉታል።)

ከእንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና በኋላ ምን እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። ቆዳው ከደረቱ ላይ ተገፍፎ ተነሥቷል። ብብት ጓዳ ሆኗል። የሊምፍ ቧንቧዎች፣ ማለትም ከክንድና ከደረት የሰውነትን ውሃ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት ቀጫጭን መንገዶች፣ ተቆርጠው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ሴትዮዋ በተነፈሰች ቁጥር ደረቷ ይነሣል፤ ክንዷን ባነሣች ቁጥር ቆዳው በጎድን አጥንቷ ላይ ይንሸራተታል። ሁለት ገጽ እየተንሸራተተ አይጣበቅም። ባልተጣበቀው መካከል ፈሳሽ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ቆዳውን ከደረቱ ያርቀዋል፣ ይኸው ነው ዙሪያ ጥምጥሙ።

ሃልስቴድ ራሱ ይህን አይቷል። በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ የቆዳውን ጠርዞች በሐር ክር ከደረትና ከብብት ግድግዳ ጋር እየሰፋ ክፍተቱን ስለ መዝጋት ጽፏል። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ተቀምጦ ነበር ማለት እችላለሁ። ተከታዮቹ ግን ከመምህራቸው የወረሱት መቁረጡን እንጂ መስፋቱን አልነበረም። በ1921፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ጽሑፍ ጨመረ፦ ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ የሴቶች ክንድ ለምን እንደ ዝሆን እግር እንደሚያብጥ። ጥፋቱን በአብዛኛው በቁስሉ መመርቀዝ ላይ አሳበበ። ብዙ የመቁረጥን ነገር ግን ጥያቄ ውስጥ አላስገባም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ውሃው የነርሶችና የሴቶቹ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የተለመደው መፍትሔ ፋሻ ነበር፦ ደረትን ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ጠፍሮ መጠቅለል። ያን ሁሉ ዘመን ይጠቅማል ተብሎ የታመነበት ይህ ጥፈራ በእርግጥ የተፈተነው በ1999 ነው። አሜሪካ ውስጥ 135 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ሲታዩ የተጠፈሩት ካልተጠፈሩት አልተሻሉም። ሴቶች ሲያማርሩ የኖሩት ጥፈራ ጥቅሙ በማስረጃ ሳይሆን በልማድ የቆመ ነበር።

በ1947 መርፊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሌላ ዘዴ ጻፈ። ከላይ ገፍቶ ከመጨቆን ይልቅ ከውስጥ መሳብ። ቱቦው ከመምጠጫ ጋር ሲያያዝ አየሩና ፈሳሹ ይወጣል፤ የውጭው አየር ቆዳውን ወደ ደረት ይጫነዋል። በ1954 ፈረንሳዊው ሬዶን ይህንኑ አየር ከተመጠጠበት ጠርሙስ ጋር አቀናጅቶ አስፋፋው፤ እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቱቦው በስሙ ይጠራል። በኋላ በጃክሰንና በፕራት ስም የሚጠራው የላስቲክ ኳስ መጣ፤ ተጨምቆ ሲዘጋ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲሞክር ፈሳሹን ይስባል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ጠርሙስ የለ። ሴትዮዋ ቀሚሷ ሥር ይዛው ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ቱቦው መቼ ይውጣ የሚለው ክርክርም አብሮ ተወለደ። ብዙ ሐኪሞች በ24 ሰዓት የሚወርደው ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ያወጡታል፤ አንዳንዱ በ20 ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ቀን ቆጥሮ ያወጣል። ቶሎ ከወጣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ከቆየ ቱቦው ራሱ ለጀርም በር ይሆናል። ሁሉን የሚያስማማ ቁጥር ዛሬም የለም።

ቆራጮቹ እጃቸውን መሰብሰብ የጀመሩት መምጠጫው በመጣበት በዚያው ዘመን ነው። የለንደኑ ሐኪም ዴቪድ ፔቲ ትልቁን የደረት ጡንቻ ሳይነካ ጡቱንና ብብቱን ማውጣቱን በ1948 አሳተመ፤ ሴቶቹ ቀድሞ ከሚኖሩት ያነሰ ዕድሜ አልኖሩም። ከባዱን ምት የመታው ግን የፒትስበርጉ በርናርድ ፊሸር ነው። ፊሸር ካንሰር በሃልስቴድ እንደታሰበው በቅደም ተከተል አይሄድም፤ ገና ሲጀምር በደም ሊሰራጭ ይችላል፤ ስለዚህ ብብትን መጥረግ ዕድሜ አይጨምርም ብሎ ተከራከረ። መከራከር ብቻ ሳይሆን ከ1971 ጀምሮ ከ1,600 በላይ ሴቶችን በዕጣ መድቦ ፈተነው። ካንሰሩ ብብታቸው ያልደረሰ ከሚመስሉት መካከል አንዳንዶቹ የሃልስቴድን ቀዶ ጥገና አገኙ፤ ሌሎቹ ጡታቸው ብቻ ወጣ፤ ሌሎቹ ከዚያ ላይ ጨረር ተጨመረላቸው። ባልደረቦቹ በኮንፈረንስ ፊት ይጮኹበት ነበር። ጥናቱ ገና እየሄደ ሳለ በመስከረም 1974 የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡቷንና የብብቷን ንፍፊት አስወጣች፤ በሽታውን ሳትሸሽግ ለሕዝብ መናገሯ ብዙ ሴቶችን ወደ ምርመራ ላከ። የፊሸር ጥናት የ25 ዓመት ውጤት በ2002 ሲታተም በቡድኖቹ መካከል የዕድሜ ልዩነት አልተገኘም። የሃልስቴድ ሰፊ ጓዳ ያለ ጥቅም የተከፈለ ዋጋ ነበር ማለት ነው።

ሙግቱ ስለ ዕድሜ ነበርና ስለ ውሃው ብዙ አልተወራም። ጥቂት ሐኪሞች ግን የተዘነጋውን ውሃ ያጤኑ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ክንድን ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ የማንቀሳቀስ ልምምድ ተፈተሸ፤ ቶሎ የጀመሩት ሴቶች ትከሻቸው ይሻላል፣ ቱቦአቸው ግን ብዙ ይፈሳል፣ ረዥም ቀንም ይቆያል። ብዙ ጥናት ተሰብስቦ ሲመዘንም ይኸው ሁለት አፍ ያለው ውጤት ተገኘ። ስለዚህ አሁን ብዙ ቦታ የሚደረገው በመጀመሪያው ሳምንት ክንዱን ከትከሻ በላይ ሳያነሡ ጣትን፣ አንጓንና ክርንን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ ወዲያ ማስፋት ነው። በ1989 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች የተቀዳውን ፈሳሽ መርምረው ተራ ሊምፍ እንዳልሆነ ጻፉ፤ ሰውነት ቁስልን ሲጠግን የሚያመነጨው ፈሳሽ ነው አሉ። ሌሎች በኋላ ተከራከሩበት። ለታመመችው ሴት ግን አንድ ነገር ይነግራታል፦ ውሃው ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር መመለሱንም አያመለክትም።

ከዚያ የሃልስቴድ ክር ተመልሶ መጣ። በ1950ዎቹ አንዳንድ ሐኪም ሞክሮት ነበር፤ በ1993 የደብሊን ሐኪሞች 39 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። የግማሾቹ ቆዳ ጫፉ ብቻ ተሰፋ፤ የሌሎቹ ግን ፍራሽ ሰፊ ጥጡ እንዳይንሸራተት እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አድርጎ እንደሚይዘው፣ ከውስጥ በኩል ከደረቱ ጡንቻ ጋር ተያያዘ። በነዚህ ላይ የፈሰሰውም የተቋጠረውም በብዙ አነሰ። ቀጥለው የመጡ ጥናቶችም አብዛኛውን ደገፉት። ሥራው በቀዶ ጥገናው ላይ ጥቂት ደቂቃ ከመጨመሩ በቀር መድኃኒት አይጠይቅም፣ ማሽን አይጠይቅም፤ ክርና ትዕግሥት ብቻ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በ1913 የተጻፈ ነገር እንደ አዲስ ለመፈተን 80 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ የነበረው ሐኪም ሁሉ ያነሰ ብልህ አልነበረም፤ የተቆረጠው ካንሰር እንጂ የቀረው ክፍተት ክብር የሚያስገኝ ጉዳይ አልነበረም።

በዚያው በ1993 የቨርሞንቱ ዴቪድ ክራግ በጥቂት ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ በ1994 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አርማንዶ ጁሊያኖ በሰማያዊ ቀለም፣ ከጡት የሚወርደው ሊምፍ መጀመሪያ የሚደርስበትን ንፍፊት መለየት ቻሉ። እሱ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹን መተው ይቻላል። በ2011 የታተመው የጁሊያኖ ጥናት ከዚህም አለፈ፦ ጡታቸው በከፊል ወጥቶ ጨረር የሚያገኙ፣ አንድ ወይም ሁለት ንፍፊታቸው ላይ ካንሰር የተገኘባቸው 891 ሴቶች ተጠንተው፣ ብብታቸው ሙሉ በሙሉ ያልተጠረጉት እንኳ ዕድሜአቸው አላጠረም። የቁስል መመርቀዝ፣ የብብት ውሃ ወይም መደንዘዝ ብብታቸው ከተጠረጉት 70 ከመቶ የሚሆኑትን ሲያጋጥም፣ ካልተጠረጉት ያጋጠመው 25 ከመቶ የሚሆኑትን ነበር። ውሃውን ከሁሉ የበለጠ የቀነሰው እንግዲህ ቱቦም መርፌም ሳይሆን ያልተቆረጠ ብብት ነው።

ያም ሆኖ ውሃ የሚቋጥርባት ሴት ዛሬም አለች። ስንቷ እንደሆነች ግን ከሐኪም ሐኪም፣ ከአቆጣጠር አቆጣጠር ይለያያል፤ በጥናቶች ከመቶ 3 የሚልም 85 የሚልም ተጽፏል። ትንሽ ከሆነ ሰውነት ራሱ ይመጠዋል፤ ዝም ይባላል። ቆዳውን ከወጠረ፣ ካሳመመ ወይም ክንድን ከያዘ በመርፌ ይቀዳል። ቦታው ብዙ ጊዜ የደነዘዘ በመሆኑ መርፌው እምብዛም አያምም፤ ግን በተወጋ ቁጥር ጀርም ሊገባ ይችላልና እንደ ዋዛ አይደጋገምም። ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት እየተቀዳ እየተመለሰ የሚሞላ ደግሞ አለ። ያኔ ክፍተቱ የራሱን ከረጢት አበጅቷል፤ ግድግዳው ወፍሮ ፈሳሹን አይመጥም። ሐኪሞች በታልክ፣ በቴትራሳይክሊን፣ በአዮዲን ግድግዳውን አቁስለው ለማጣበቅ ሞክረዋል፤ ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ ሕመሙ ግን አይቀርም። ከደም የተሠራ ሙጫም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ያን ያህል አላረካም። አልሆን ሲል ከረጢቱ ራሱ በቀዶ ጥገና ይወጣና ክፍተቱ ይሰፋል። ሲዘገይ የሚጎዳው ሌላም አለ፤ ኬሞቴራፒና ጨረር ቁስል እስኪደርቅ ይጠብቃሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ የቆመበት ገጽ ሌላ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እጢው ከገፋ በኋላ ነው። ጨረር ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጡትን ከፊሉን ብቻ ማውጣት ጨረር ይፈልጋል፤ አንዱን ንፍፊት ለይቶ ማውጣት ቀለም፣ ንጥረ ነገርና ፈጣን የፓቶሎጂ ምርመራ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚህ የተለመደው ጡት ሙሉ በሙሉ፣ ብብትም አብሮ የሚወጣበት፣ ከፔቲ ዘመን የሚቀዳው ቀዶ ጥገና ነው። ጓዳው ሰፊ ነው፤ ውሃውም በዚያው ልክ። ቱቦውን ይዛ ከአውቶቡስ መናኸሪያ የምትሳፈር፣ የምትቀዳበት ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ያልተነገራት ሴት አለች።

ከውሃው ሌላ ስለሚመጣው የክንድ እብጠት ደግሞ ለእኛ ቅርብ የሆነ ትምህርት ከጎጃም አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋዎች ባዶ እግራቸውን ቀይ አፈር የሚረግጡ ገበሬዎች ለምን ዝሆኔ እንደሚይዛቸው አጥንቶ፣ በንፍፊታቸው ውስጥ ከአፈሩ የገቡ ደቃቅ ማዕድናት እንዳሉ አሳየ። በኋላም በ2018 የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ተከትሎ የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ ፈተሸ፤ ቀነሰም። በቀዶ ጥገና ሊምፏ የተቋረጠባት ሴት ክንዷ ሲያብጥ የሚታዘዝላት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ቆዳን ማጽዳትና ማለስለስ፣ መቆረጥንና መጫርን መጠንቀቅ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ መንቀሳቀስ። ክብደት አታንሺ የሚለው የድሮ ምክርም በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ተሽሯል፤ ክንዳቸው ካበጠባቸው 141 ሴቶች መካከል በሥርዓት ክብደት ያነሡት ክንዳቸው አልባሰባቸውም፤ የሚነሣባቸው ሕመም እንዲያውም ቀነሰ።

ቀዶ ጥገና ለተቀጠረላት እህቴ ወይም ለምታስታምሟት ሁሉ የምላችሁ አለ። ከሆስፒታል ሳትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በቀን የሚወርደው ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሊትር ሲደርስ ቱቦው እንደሚወጣ፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ቦታው ቢያብጥ የት መጥታችሁ እንደምታስቀዱ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይህን መሥራት ይችል እንደሆነ። የሚወርደውን ፈሳሽ በየቀኑ ለክታችሁ ጻፉ፤ ለሐኪሙ ከትውስታ ይልቅ ወረቀቱ ይረዳዋል። ያበጠውን ቤት ውስጥ በመርፌ አትንኩ። ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከቱቦው መግል ከወጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያኑ ቀን ሂዱ።